የሠርግ ቪዲዮና የሽማግሌው ድምፅ

ጥር ሲብት እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ይገባል፤ ጠላ ይጠነሰሳል፤ ዳስ ይጣላል። ከአምበር እስከ ቢቸናና ሞጣ ድረስ በዚህ ወር ሠርግ የሌለበት ሳምንት እምብዛም አይገኝም። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሁሉም ልጁን ለመዳር ይጣደፋል። ዛሬ ደግሞ ዳስ ውስጥ ገብቶ ስልኩን ከፍ አድርጎ ቪዲዮ የማይቀርፅ ወጣት ማግኘት ይቸግራል። ታዲያ ሠርጉ ካለፈ በኋላ ያ ሁሉ የተቀረፀው ምን ይሆናል? አብዛኛው በየሰዉ ስልክ ተበታትኖ ይቀራል፤ ስልኩ ሲሰበር ወይም ሲሰረቅ አብሮ ይጠፋል። የተረፈው ደግሞ ከዳር እስከ ዳር የገበያ ዘፈን ተጭኖበት፣ የሰዎቹ ድምፅ ተደምስሶ ይወጣል። በዚህ ጽሑፍ ቪዲዮ በስልክ እንዴት እንደሚቀረፅና እንዴት እንደሚቀናበር እንገልጻለን። ከሁሉ ይልቅ ግን ስለ ድምፁ እንነጋገራለን፤ የሚጎዳው እሱ ነውና።

በመጀመሪያ ቪዲዮ ምን እንደሆነ እንመልከት። ቪዲዮ የሚንቀሳቀስ ይመስላል እንጂ ተከታትለው የተደረደሩ ብዙ ፎቶግራፎች ነው። ስልክ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 30 ፎቶግራፍ ያነሳል። እነዚህ በፍጥነት ሲያልፉ ዓይናችን አንዱን ከአንዱ መለየት ስለማይችል፣ ሙሽራው ሲራመድ፣ ሚዜው እስክስታ ሲወርድ ሆኖ ይታየናል። ድምፁ ግን ለብቻው ተቀርፆ ከምስሉ ጎን ለጎን ነው የሚጓዘው። ይኼን ነገር ልብ በሉ፤ በኋላ ይጠቅመናል።

ባገራችን የቴሌቪዥን ሥርጭት የተጀመረው በጥቅምት ወር 1957 ዓ.ም. ነው። የቤት ቪዲዮ የመጣው ግን ቆይቶ ነው። ጄቪሲ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ቪኤችኤስ የሚባለውን ካሴት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1976 ገበያ ላይ አዋለ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በአዲስ አበባና በትልልቅ ከተሞች አቅም ያለው ሰው ሠርጉን በቪዲዮ ማስቀረፅ ጀመረ። ካሜራው ትከሻ ላይ የሚሸከሙት ከባድ ዕቃ ነበር። ማቀናበር ማለትም ሁለት ማጫወቻ አገናኝቶ፣ የሚፈለገውን እየመረጡ ከአንዱ ካሴት ወደ ሌላው መገልበጥ ነበር። በተገለበጠ ቁጥር ምስሉ እየደበዘዘ ይሄዳል። በፈረንጆች 1999 አፕል አይሙቪ የተባለውን፣ በ2000 ደግሞ ማይክሮሶፍት ሙቪ ሜከር የተባለውን ሶፍትዌር አወጡ፤ ያኔ ኮምፒዩተር ያለው ሁሉ ቤቱ ቁጭ ብሎ ማቀናበር ቻለ። ዛሬ ኮምፒዩተርም አያስፈልግም። ካፕካት፣ ኢንሾት፣ ካይንማስተር የሚባሉት አፖች በስልክ ላይ ይሠራሉ።

አሁን ወደ አቀራረፁ እንግባ። ስልኩን በአግድም ያዙት፤ በአግድም የተቀረፀ በቴሌቪዥን ሲታይ ስክሪኑን ይሞላል። የካሜራውን መስታወት በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት፤ የወጥ ቅባት የነካው መስታወት ሁሉን ነገር ጭጋግ ያስመስለዋል። አንዱን ነገር ስትቀርፁ ቢያንስ አሥር ሰከንድ ያህል እጃችሁን ሳታወዛውዙ ቆዩበት። ወዲያ ወዲህ የሚዞር ቪዲዮ ተመልካቹን ራሱን ያዞረዋል እንጂ ምንም አያሳየውም። ዳስ ውስጥ ትልቁ ችግር ብርሃን ነው። ውስጡ ጨለም ያለ ነው፤ በሩ ግን በፀሐይ ያበራል። ሰው በሩን ጀርባው አድርጎ ሲቆም ፊቱ ጥቁር ጥላ ብቻ ሆኖ ይቀረፃል። ስለዚህ ቀራፂው ራሱ በሩን ጀርባው ያድርግ፤ ብርሃኑ በሰዎቹ ፊት ላይ ያርፋል።

ድምፅ ሲሆን ነገሩ ይለያል። የስልክ ማይክሮፎን እንደ ሰው ጆሮ መርጦ አይሰማም። ሽማግሌ ተነስተው ሲመርቁ እኛ ከዳሱ ጥግ ሆነን እንሰማቸዋለን፤ ልባችን እሳቸው ላይ ስለሆነ የሕፃኑን ለቅሶና የብርጭቆውን ኳኳታ አንሰማውም። ስልኩ ግን ከጎኑ ያለውን ብርጭቆ ያስቀድማል። ስለዚህ ምርቃት ሲጀመር ተጠግቶ መቅረፅ ያስፈልጋል፤ ሁለት ክንድ ያህል ርቀት ይበቃል። መጠጋቱ የሚያሳፍር ከሆነ ሌላ መላ አለ። ሁለተኛ ስልክ ፈልጉ፣ የድምፅ መቅጃውን ክፈቱና ሽማግሌው ፊት ያለው መደብ ላይ አስቀምጡት። ሁለቱም ስልኮች መቅዳት ከጀመሩ በኋላ አንድ ጊዜ ጮክ አድርጋችሁ አጨብጭቡ። ስታቀናብሩ የድምፁ መስመር ላይ ጭብጨባው እንደ ሹል ጫፍ ተነስቶ ይታያል። የቪዲዮውን ጭብጨባና የሁለተኛውን ስልክ ጭብጨባ አንድ ቦታ ላይ ስታገጥሙ አፍና ድምፅ ይገናኛሉ። ሲኒማ ሠሪዎች በሁለት እንጨት የሚያጋጩትም ለዚሁ ነው።

ማቀናበር ምንድን ነው? ከተቀረፀው ውስጥ የሚፈለገውን መምረጥ፣ የማይፈለገውን መቁረጥ፣ የተመረጠውን በቅደም ተከተል መቀጠል ነው። እህል እንደ ማበጠር ነው፤ ገለባው ይሄዳል፣ ፍሬው ይቀራል። አፑ ላይ ስትቆርጡ ዋናው ቪዲዮ አይነካም፤ የሚቆረጠው አፑ ውስጥ የሚታየው ብቻ ነው። ሆኖም ሥራው አልቆ አዲሱ ቪዲዮ ስልኩ ላይ እስኪቀመጥና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እስኪታይ ድረስ ዋናውን አታጥፉ። የሁለት ሰዓት ሠርግ ሃያ ደቂቃ ቢሆን ዘመድ ሁሉ ቁጭ ብሎ ያየዋል። ሁለት ሰዓት ከሆነ ግን ሙሽሮቹም አይጨርሱት።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አፑ ውስጥ ዘፈን መጨመር ቀላል ስለሆነ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘፈን ይጭኑበታል፤ የዳሱን ድምፅ ደግሞ ዜሮ ያደርጉታል። እስቲ አስቡት። ሽማግሌው ቆመው ሲመርቁ አፋቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ሰዉ እጁን ዘርግቶ አሜን ሲል ይታያል፤ የሚሰማው ግን በየሻይ ቤቱ የሚከፈተው ዘፈን ነው። ያን ዘፈን ነገም ከነገ ወዲያም ከፈለግንበት እናገኘዋለን። የሽማግሌውን ምርቃት ግን ከየት እናመጣዋለን? ከአሥር ዓመት በኋላ እሳቸው ባይኖሩ ለልጅ ልጆቻቸው የሚቀረው የከንፈር እንቅስቃሴ ብቻ ነው። አዝማሪውም እንደዚያው ነው። ማሲንቆውን ይዞ የሙሽራውን አባት፣ የሚዜውን፣ የወጥ ቤቷን ስም እየጠራ እዚያው የሚፈጥረው ግጥም በሌላ ቦታ አልተጻፈም፤ በሌላ ሠርግም አይደገምም። ጎጃም በቅኔ የሚታወቅ አገር ሆኖ ሳለ የራሱን ሠርግ ግጥም በተገዛ ዘፈን መሸፈኑ ያሳዝናል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ምስልና ድምፅ ለየብቻ ይጓዛሉ ብለን ነበር። በመሆኑም አፑ ላይ የእያንዳንዱን የድምፅ መጠን ለብቻው ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ሰው ሲናገር፣ ሲመርቅ፣ ሲፎክር ዘፈኑን ጨርሶ አውጡት። ሙሽሮቹ መኪና ሲገቡ ወይም ሜዳ ላይ ሲሄዱ፣ የሚናገር ሰው ሳይኖር ዘፈኑን መልሱት። ሁለቱን አንድ ላይ ማሰማት ካስፈለገ የዘፈኑ መጠን ከመቶ አሥር ወይም አሥራ አምስት ቢሆን ይበቃል። የሚበተነውን አበባና የሚብለጨለጨውን ኮከብም ብንቀንሰው ጥሩ ነው፤ የሙሽራዋን ፊት ይሸፍናል እንጂ አያሳምራትም።

ቀጥሎ ስለ አቀማመጡ እንናገር። 1080 በሚባለው ጥራት የተቀረፀ ቪዲዮ በደቂቃ 130 ሜጋባይት ያህል ቦታ ይወስዳል። ስለዚህ 16 ጊጋባይት የሚይዝ ሚሞሪ ሁለት ሰዓት ያህል ቀርፆ ይሞላል። ከሠርጉ በፊት ቦታ ማስለቀቅና ባትሪ መሙላት የግድ ነው፤ መብራት እስኪመጣ ሙሽራ አይጠብቅም። በቴሌግራም ስትላላኩም ተጠንቀቁ። እንደ ቪዲዮ ከተላከ ይጨመቅና ጥራቱ ይወርዳል፤ እንደ ፋይል ከተላከ ግን እንዳለ ይደርሳል። ሁሉን ነገር ኔትወርክ ላይ አስቀምጦ መተማመንም አያዋጣም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ተራው ቆረጣና ቅጠላ አፑ አንድ ጊዜ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ቪዲዮውንም በሚሞሪ ወይም በብሉቱዝ ከእጅ ወደ እጅ ማስተላለፍ ይቻላል።

አንድ ነገር ሳንናገር አንለፍ። ሰውን ሳያስፈቅዱ መቅረፅ፣ ይልቁንም ቀርፆ በቲክቶክ መልቀቅ፣ ነውር ነው። ሞቅ ብሏቸው እስክስታ የወረዱ እናት ዳሱ ውስጥ ላለው ዘመድ ብለው እንጂ ለማያውቁት ሰው ብለው አልጨፈሩም። «አባባ፣ ላንሳዎት?» ብሎ መጠየቅ ምንም አይከብድም። እንዲያውም የተጠየቁ ሽማግሌ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ድምፃቸውን አጥርተው ነው የሚናገሩት።

የቆየ የቪኤችኤስ ካሴት ያላችሁ ደግሞ ጊዜ አትስጡት። ካሴቱ ውስጥ ያለው ፕላስቲክ ላይ የተቀባ ማግኔት ነው፤ ሙቀት፣ እርጥበትና አቧራ ያበላሹታል፣ ሻጋታም ያወጣል። ማጫወቻውም እየጠፋ ነው፤ እስከ መጨረሻው ይሠራ የነበረው ፉናይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ማምረቱን አቁሟል። በአዲስ አበባ ካሴት ወደ ፍላሽ የሚገለብጡ ቤቶች አሉ። አስተማማኝ ሰው ሲሄድ ካሴቱን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ላኩ፤ ሁለት ፍላሽ ላይ አስገልብጡ፤ አንዱን ቤት አስቀምጡ፣ ሌላውን ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ ስጡ።