የሕግ ቢሮዎች ገበያ ሲሰፋ ወጣቱ ጠበቃ ምን ያተርፋል?

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በልደታ ፍርድ ቤት ደጃፍ የሚያልፍ ሰው አንድ ሌላ ገበያ ያያል። ፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ የጽሕፈት አገልግሎቱ፣ ማመልከቻ ጸሐፊውና ሻይ ቤቱ ሁሉ የሚተዳደሩት በሰው ክርክር ነው። ከሁሉም ቀድመው የሚደርሱት ሱፋቸው ገና አዲስ የሆነ፣ በብብታቸው የሌላ ሰው ስም የታተመበት ፋይል የያዙ ወጣቶች ናቸው። ከተመረቁ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ቢሆናቸው ነው። የክሱን ማመልከቻ አምሽተው የጻፉት እነሱ ናቸው፤ ችሎት ፊት ቆሞ የሚናገረው ግን የጥብቅና ፈቃድ ያለው አለቃቸው ነው።

ነጋዴው ጠበቃ ሲይዝ የሚጠይቀው በአብዛኛው ስንት ያስከፍላል የሚለውን ነው። ሥራውን የሚሠራው ማነው፣ ሠሪውስ እንዴት ተይዞ ይሠራል የሚለው ጥያቄ አይነሳም። ይሁንና ውል የሚያረቀውም፣ የቀጠሮ ቀን የሚቆጥረውም፣ የይግባኝ ጊዜ እንዳያልፍ የሚከታተለውም አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ወጣት ነው። በእሱ ድካም ምክንያት አንድ ቀን ቢያልፍ ኪሳራው የሚያርፈው በደንበኛው ላይ ነው።

ከአንድ ሰው ፈቃድ ወደ ሽርክና

በኢትዮጵያ ጥብቅና ለረጅም ዘመን የግለሰብ ሥራ ሆኖ ቆይቷል። በ1992 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ጠበቆች አዋጅ ቁጥር 199 ፈቃድ የሚሰጠው ለሰው እንጂ ለድርጅት አልነበረም። በየሕንፃው ላይ የሕግ ቢሮ የሚል ሰሌዳ የሰቀሉ ቢሮዎች በርካታ ቢሆኑም በሕግ ፊት የሚታወቀው የባለፈቃዱ ስም ብቻ ነበር። ባለፈቃዱ ሲያርፍ ወይም ሥራ ሲያቆም ቢሮው አብሮ ይዘጋል፤ አሥር ዓመት ያገለገለው ረዳትም ፋይሉን አስረክቦ ይወጣል። የሚወርሰው ድርሻም ሆነ የሚሸጠው ስም አልነበረውም።

ይህን የለወጠው በ2013 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል የጥብቅና አገልግሎት ፈቃድ አሰጣጥና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1249 ነው። በአዋጁ መሠረት ጠበቆች ኃላፊነቱ በተወሰነ የሽርክና ማኅበር ተደራጅተው የጥብቅና ድርጅት ማቋቋም ይችላሉ። በዚያው ዓመት የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ይህን የማኅበር ዓይነት አስተዋውቆ ስለነበር ሁለቱ ሕጎች ተገጣጥመዋል። የሽርክናው ዋነኛ ጥቅም አንዱ ሸሪክ በሙያው ባጠፋው ጥፋት የሌላው ሸሪክ ቤትና መኪና እንዳይጠየቅ ማድረጉ ነው።

ለወጣቱ ባለሙያ የዚህ ትርጉም ቀላል አይደለም። የሕግ ቢሮ ከባለቤቱ ዕድሜ በላይ ሊኖር የሚችል ንግድ ሆኗል ማለት ነው። እንደማንኛውም ሽርክና ድርሻ አለው፣ ትርፍ ይከፋፈላል፣ አዲስ ሸሪክ ይገባል። ትናንት ረዳት ሆኖ የገባ ሰው ነገ ባለድርሻ የመሆን መንገድ በሕግ ተከፍቶለታል። መንገዱ በተግባር ተጠርጓል ወይ የሚለው ግን በየቢሮው ይለያያል።

ሥራው በዝቷል

የሕግ ባለሙያ ፈላጊው መበርከቱን ከሕጎቹ ብዛት መረዳት ይቻላል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የንግድ ሕግ ስድሳ ዓመት ሲያገለግል ከቆየ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ገበያው በአዳዲስ ሕጎች ተጥለቅልቋል። የግልግል ዳኝነት አዋጅ ቁጥር 1237 እና የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 በ2013 ዓ.ም፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ዓ.ም፣ የውጭ ባንኮችን የሚያስገባው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360 በ2017 ዓ.ም ወጥተዋል። የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም በዚያው በ2017 ዓ.ም ተከፍቷል።

አክሲዮን ለሕዝብ የሚሸጥ ኩባንያ መግለጫ የሚያዘጋጅለት፣ ባንክ የሚገዛ የውጭ ባለሀብት ሰነድ የሚመረምርለት፣ ግብር የተወሰነበት አስመጪ ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን አቤቱታ የሚጽፍለት ይፈልጋል። እነዚህ ሥራዎች የድሮው ጠበቃ በፍርድ ቤት ልምዱ ብቻ የሚወጣቸው አይደሉም። ሌሊት ቁጭ ብሎ አዲስ አዋጅ የሚያነብ፣ በእንግሊዝኛ ጥሩ አድርጎ የሚጽፍ ወጣት ይጠይቃሉ። ስለዚህ ወጣቱ በገበያው ላይ ተፈላጊ ዕቃ ሆኗል። ያም ሆኖ ዋጋው እንደ ተፈላጊነቱ አላደገም።

ምክንያቱ አቅርቦቱ ነው። የሕግ ትምህርት በ1956 ዓ.ም በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ፋኩልቲ የተጀመረ ሲሆን፣ ዛሬ በየክልሉ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ያስተምሩታል። የመውጫ ፈተናውን አልፎ አምስት ዓመት የተማረው ተመራቂ ወዲያው ጠበቃ አይሆንም፤ ፈቃድ ለማግኘት የሥራ ልምድ ይጠየቃል። ልምዱን የሚያገኘው ደግሞ ከቀጣሪ ነው። ሁሉም አንድ በር ላይ ሲሰለፍ የበሩ ባለቤት ዋጋ ይቆርጣል።

ፋይል ተሸካሚ ወይስ ባለሙያ?

በብዙ ቢሮዎች የጀማሪው የመጀመሪያ ዓመት የሚያልፈው በሩጫ ነው። ጠዋት ሬጅስትራር ዘንድ መዝገብ ይከፍታል፤ ከሰዓት ሰነዶች ማረጋገጫ ወረፋ ይይዛል፤ ማታ የሚቀጥለውን ቀን መልስ ያረቃል። ይህ ሩጫ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። መዝገብ ቤቱን ያላወቀ ጠበቃ ጉዳዩን አያውቅም ይባላል። ችግሩ ሩጫው ሦስተኛና አራተኛ ዓመት ድረስ ሲዘልቅ ነው።

የቢሮው ወግም የራሱ ሕግ አለው። ሽማግሌው ጠበቃ ጋሼ ይባላል፣ አንቱ ይባላል፣ ያረቀቀውን አንቀጽ ስህተት ነው ብሎ መናገር እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ደንበኛ ሲመጣ ወጣቱ ቡና አዝዞ ጥግ ይቀመጣል። ጥሩ አለቃ ግን በዚያው ጥግ ያስቀመጠውን ልጅ ለደንበኛው ያስተዋውቃል፣ የጻፈውን በቀይ አርሞ ምክንያቱን ይነግረዋል፣ ፈቃድ ባወጣ ማግስት ትንሽ ጉዳይ ሰጥቶ ለብቻው ያቆመዋል። ከውጭ የሕግ ድርጅቶች ጋር የሚሠሩ አንዳንድ የአዲስ አበባ ቢሮዎች የሥራ ሰዓት መመዝገቢያ ስለሚጠቀሙ ማን ምን እንደሠራ በወረቀት ይታያል። ሰዓቱ በየስድስት ደቂቃው ተቆርጦ ለደንበኛ የሚታሰብበት ይህ አሠራር ከባድ ቢሆንም፣ የወጣቱ ድካም ስም አልባ ሆኖ እንዳይቀር ያደርጋል።

ሕግ አዋቂው ሕጉን ለራሱ ሲረሳ

የሚያስገርመው ግን ሌላ ነው። ለደንበኛው የሠራተኛ ክርክር የሚጽፈው ወጣት የራሱ የቅጥር ውል የሌለው መሆኑ በሙያው ውስጥ የተለመደ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመበት መግለጫ እንዲሰጥ ያዛል። መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም፤ ክፍያውም በቀን አንድ ተኩል እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አያልፍም። የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ነው።

በቢሮዎቹ በኩል የሚሰጠው መልስም አለ። አዋጁ በራሱ የሙያ ኃላፊነት በክፍያ የሚሠራን ሰው አይሸፍንም። ፈቃድ ያወጣና በመቶኛ የሚከፈለው ጠበቃ በዚህ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ሆኖም በሰዓት ገብቶ በሰዓት የሚወጣ፣ በአለቃ ትእዛዝ የሚሠራ፣ ወርኃዊ ደመወዝ የሚቀበል ጀማሪ ስሙ ምንም ቢባል ሠራተኛ አይደለም ብሎ መከራከር ይከብዳል።

ወጣቱን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው የሥራ ልምድ ማስረጃው ነው። ፈቃዱ በዚያች ወረቀት ላይ ስለሚመሠረት አለቃውን ማስቀየም አይፈልግም። ነገር ግን ይህም ቢሆን ችሮታ አይደለም። ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው።

ባንኮች ቆመው አይጠብቁም

ቢሮዎቹ ይህን ካላሰቡበት የሚከስሩት ራሳቸው ናቸው። ባንኮችና ኢንሹራንሶች ለሕግ ክፍላቸው የሚቀጥሩት ሠራተኛ መደበኛ ሰዓት፣ ሕክምና፣ የቤትና የመኪና ብድር ያገኛል። ሦስት ዓመት የሠለጠነ ወጣት ወደዚያ ሲሻገር ቢሮው ያጣው ደመወዝተኛ ብቻ አይደለም። የደንበኛውን ጠባይ፣ የመዝገቡን ታሪክ፣ የውሉን ረቂቅ በቃሉ የያዘ ሰው ነው። አንዳንዴም ደንበኛው ተከትሎት ይሄዳል።

ስለዚህ ድርጅት የመሠረቱ ሸሪኮች ረዳት በስንት ዓመት ሸሪክ እንደሚሆን፣ ደንበኛ ላመጣ ስንት በመቶ እንደሚታሰብለት በመተዳደሪያ ደንባቸው ቢያሰፍሩ ይበጃቸዋል። ወጣቱም ሲቀጠር አራት ነገር መጠየቅ ይገባዋል፤ ውሉ በጽሑፍ ነው ወይ፣ ጽሑፌን የሚያርመው ማነው፣ ፈቃድ ሳወጣ ምን ይለወጣል፣ የሽርክና በር አለ ወይ? ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል።

ነጋዴውም ቋሚ የሕግ አማካሪ ሲይዝ ከዋጋው ቀጥሎ ፋይሉን በየቀኑ የሚይዘውን ሰው ስም ይጠይቅ። ያ ሰው በየስድስት ወሩ የሚቀያየር ከሆነ የተከፈለው ገንዘብ ለሰሌዳው እንጂ ለሥራው አልሆነም።