የመሃሉን ዲፈረንሻል የሚመርጠው ጎማው ነው

የሎስ አንጀለስ ከተማ በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ከሰየመው የፌርፋክስ ጎዳና ተነስቶ በኦሊምፒክ ቡሌቫርድ ወደ ምሥራቅ የሚነዳ ሰው ኮሪያታውን ይገባል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ መንገድ ላይ ሱባሩ ደብልዩ አር ኤክስ፣ ኤስ ቲ አይ ወይም ሚትሱቢሺ ኢቮሉሽን ማየት ብርቅ አይደለም። ብዙዎቹም ከፋብሪካ እንደወጡ አልቀሩም፤ ቱርቦው በትልቅ ተተክቷል፣ ማርሚታው ተቀይሯል፣ የሞተሩ ኮምፒውተር እንደገና ተስተካክሏል። በአራቱም ጎማ የሚሄድ መኪና ጉልበቱ ሲጨመርለት ባለቤቱ ውሎ አድሮ አንድ ጥያቄ ላይ ይደርሳል፤ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው የመሃል ዲፈረንሻል መቀየር አለበት ወይስ የለበትም? ከተቀየረስ በምን? የተለመደው መልስ ሞተሩ በጠነከረ ቁጥር ጠንክሮ የሚቆልፍ ዲፈረንሻል ያስፈልጋል የሚል ነው። ይህ መልስ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። ምርጫውን የሚወስነው ጎማው ከመንገዱ ጋር ያለው ንክኪ እንጂ የሞተሩ ጉልበት አይደለም፤ እንደ ሎስ አንጀለስ ባለ ደረቅ አስፋልት በበዛበት ከተማ ደግሞ ለስለስ ብሎ የሚቆልፈው አብዛኛውን ጊዜ ይሻላል።

ዲፈረንሻል ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት ጥማድ በሬ ማስታወስ ይበቃል። ገበሬው በማሳው ዳር ሲታጠፍ የውጭው በሬ ሰፊውን ዙር ይሄዳል፣ የውስጡ እዚያው አካባቢ ይዞራል። መኪና ሲታጠፍም የውጭ ጎማ ከውስጡ ይበልጥ ይዞራል፤ የፊት ጎማዎች ደግሞ ከኋላዎቹ ይበልጥ ይሄዳሉ። የግራና የቀኙን ልዩነት የፊትና የኋላ ዲፈረንሻሎች ያስታርቃሉ፤ የፊትና የኋላውን የሚያስታርቀው የመሃሉ ነው። አገር ቤት ላንድ ክሩዘር 70 የነዳ ሾፌር ይህን ያውቀዋል። ያ መኪና የመሃል ዲፈረንሻል የለውም፤ ፎር ዊል ሲገባ ፊትና ኋላው እንደ አንድ ብረት ይያያዛል። ጭቃና አሸዋ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት ችግር የለም። አስፋልት ላይ ግን መሪው ይከብዳል፣ ጎማው እየተጎተተ ይጮኻል፣ ካምቢዮው ውስጥ ውጥረት ይከማቻል። ልምድ ያለው ሾፌር አስፋልት ሲደርስ ፎር ዊሉን የሚያወጣው ለዚህ ነው። በአንጻሩ ፕራዶ 120 እና 150 በመሃሉ ቶርሰን ዲፈረንሻል ስላላቸው ዓመቱን ሙሉ በአራቱም ጎማ አስፋልት ላይ ይሄዳሉ።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር ማየት ክርክሩን ያጠራዋል። ከፊት አክሰል እስከ ኋላ አክሰል ያለው ርቀት 2.65 ሜትር የሆነ መኪና፣ የቅርቡ ኤስ ቲ አይ ልክ ማለት ነው፣ በመኪና ማቆሚያ ውስጥ የኋላው አክሰል መሃል 6 ሜትር በሆነ ሬዲየስ ቢዞር የፊቱ አክሰል በ9 ከመቶ ገደማ የበለጠ ርቀት ይሄዳል። ሬዲየሱ 30 ሜትር በሆነ የተራራ መታጠፊያ ላይ ግን ልዩነቱ ከግማሽ ከመቶ ያንሳል። ጠንካራ ቁልፍ ያለው መኪና መኪና ማቆሚያ ውስጥ እየዘለለ ሲንገጫገጭ፣ ተራራው ላይ ግን ደህና መስሎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ባለቤቱም «መንገጫገጩን እችለዋለሁ፣ ዋናው ፍጥነቱ ነው» ይላል። እዚህ ላይ የሚረሳ ነገር አለ። ቁልፉ ሁልጊዜ ከሚፈጥነው አክሰል ወስዶ ለሚዘገየው ይሰጣል፤ ወደ መታጠፊያ ሲገባ የሚፈጥነው ፊቱ ነው። ስለዚህ ጠንካራ ቁልፍ ፊቱን ወደ ኋላ ይጎትታል፣ ኋላውን ወደ ፊት ይገፋል፤ መኪናው መሪውን አልታዘዝ ብሎ ቀጥ ማለት ይፈልጋል። ክብደቱ ፊት ላይ ለሚበዛ መኪና ይህ የቆየ በሽታውን ማባባስ ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ክብደት ነው። መኪና ነዳጅ ሲረገጥለት ክብደቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ምን ያህል እንደሚሸሽ የሚወስነው ፍጥነቱ የሚጨምርበት መጠን ነው። የክብደቱ ማዕከል ከመሬት ግማሽ ሜትር ገደማ ከፍ ያለና ቆሞ ሳለ 60 ከመቶ ክብደቱ ፊት ላይ ያረፈ መኪና እንውሰድ። ደረቅ አስፋልት ላይ፣ ጥሩ ጎማ ይዞ፣ በስበት ኃይል 0.8 እጥፍ ወደ ፊት ቢወረወር ፊቱ ላይ የሚቀረው 45 ከመቶ ገደማ ነው። ዝናብ ላይ በ0.3 እጥፍ ብቻ መሄድ ቢችል ግን 54 ከመቶው ፊት ላይ ይቆያል። ለዚያ ቅጽበት የሚስማማው ክፍፍል ይህንኑ ይከተላል፤ በደረቁ ኋላው ትንሽ ይብለጥ፣ በዝናቡ ፊቱ። እንግዲህ በዚህ ስሌት ውስጥ የፈረስ ጉልበት የሚባል ነገር የለም። ሞተሩ 300 ቢሆን 500፣ ጎማው መያዝ ከሚችለው በላይ የሆነው ጉልበት ጭስ ከመሆን አያልፍም። ሱባሩ ራሱ በአሜሪካ የ2004 እና የ2005 ኤስ ቲ አይን 35 ለፊት፣ 65 ለኋላ አድርጎ ሸጦ በ2006 ወደ 41 ለ59 ማምጣቱ፣ ለኋላው አብዝቶ መስጠት ሁልጊዜ ብልጫ እንዳልሆነ ያሳያል።

አሁን ወደ ዓይነቶቹ እንምጣ። ማኑዋል ካምቢዮ ያለው ደብልዩ አር ኤክስ የሚጠቀመው ቪስከስ የሚባለውን ነው። ግማሽ በግማሽ ከሚያካፍሉ ጥርሶች አጠገብ፣ በሲሊኮን ፈሳሽ የተሞላ የታሸገ ቋት አለ፤ ውስጡ አጠገብ ለአጠገብ የተደረደሩ ስስ ሰሌዳዎች ይገኛሉ። ፊትና ኋላው በእኩል ሲዞሩ ምንም አይፈጠርም። አንዱ ሲቀድም ፈሳሹ ይቃወማል፣ ይሞቃል፣ ልዩነቱንም ያጠባል። ጥንካሬው በገበያ «በኪሎ» ይጠራል፤ የፋብሪካው 4 ኪሎ፣ ለራሊ የሚመረጠው 20 ኪሎ። ጉድለቱ ግልጽ ነው፤ ጎማው መንሸራተት ካልጀመረ አይነሳም፣ ሲያረጅም ጠባዩ ይለወጣል። ቢሆንም ሾፌሩን አያስደነግጥም፣ ሥራውን ቀስ ብሎ ይጀምራል ቀስ ብሎ ይተዋል። ቶርሰን ደግሞ ቨርነን ግሊስማን የተባለ አሜሪካዊ የፈለሰፈውና አውዲ ከ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ በመሃል ዲፈረንሻልነት ያስገባው ነው። ፈሳሽም ኤሌክትሪክም አይፈልግም፤ ጥርሶቹ ራሳቸው ጉልበቱ ሲመጣባቸው ይነካከሳሉ። መንሸራተትን አይጠብቅም፤ ነዳጅ ሲለቀቅም ይላላል። የኔ ሚዛን ለደረቅ አስፋልት ወደዚህ ያደላል። ድክመቱ የሚያባዛ እንጂ የሚፈጥር አለመሆኑ ነው፤ የደከመው አክሰል ከያዘው ሦስት እጥፍ ለሌላው ይሰጥ ቢባል፣ የደከመው ምንም ካልያዘ የዜሮ ሦስት እጥፍ ያው ዜሮ ነው። በረዶ ላይ ለቆመ መኪና ይህ ከባድ ጉድለት ነው፤ ለኮሪያታውን ነዋሪ ግን ብዙም የሚያሳስብ አይደለም።

ሦስተኛው ቤተሰብ በኮምፒውተር የሚታዘዘው ነው። በኤስ ቲ አይ ላይ ማግኔት ክላቹን ይጨብጣል፤ ሾፌሩ ከፈለገ በእጁ ከልቅ እስከ ቁልፍ በደረጃ ያስተካክለዋል፣ ካልፈለገ ለኮምፒውተሩ ይተውለታል። በኢቮሉሽን ላይ ያንኑ ሥራ በዘይት ግፊት የሚሠራ ክላች ይሠራዋል፤ ለአስፋልት፣ ለጠጠርና ለበረዶ የተለየ ምርጫ አለው። ያገለገለ ኢቮሉሽን የሚገዛ ሰው አንድ ነገር ይወቅ፤ በ2003 ወደ አሜሪካ የገባው ስምንተኛው ኢቮሉሽን ይህ ስልት አልነበረውም፣ ቪስከስ ነበር፤ የመጣው በ2005 ሞዴል ነው። ይህ ቤተሰብ ከሁሉም የተሻለ የሚሆነው አእምሮው ትክክለኛ መረጃ ሲደርሰው ነው፤ የመሪው አቅጣጫ፣ የነዳጁ አረጋገጥ፣ የእያንዳንዱ ጎማ ፍጥነት። የኤስ ቲ አይን ካምቢዮ ደብልዩ አር ኤክስ ላይ ገጥሞ መቆጣጠሪያውን ያልገጠመ ሰው ውድ ብረት ገዝቶ ዋናውን ነገር ትቶታል። የፊትና የኋላ ዲፈረንሻሎቹ የጥርስ ምጣኔ ካልገጠመ ደግሞ መኪናው ከመጀመሪያዋ ሜትር ጀምሮ ከራሱ ጋር ይታገላል። ስለ ቶዮታ ጂ አር ኮሮላ ለሚጠይቁ መልሱ አጭር ነው፤ የመሃል ዲፈረንሻል የለውም፣ ወደ ኋላ የሚሄደውን ጉልበት የሚያስተላልፈው ክላች ነው፣ ስለዚህ ይህ ምርጫ አይመለከተውም።

ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ ግን ጎማ ላይ የሚደረገው ቸልታ ነው። ከኋላ ሁለት አዲስ ጎማ አስገብቶ ከፊት 4 ሚሊ ሜትር የተበላ ጎማ የሚያስቀር ሰው በዙሪያ ልክ 25 ሚሊ ሜትር ልዩነት ፈጥሯል። ሱባሩ የሚታገሰው 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ18 ኢንች ጎማ ላይ 25 ሚሊ ሜትር 1.2 ከመቶ ነው፤ ያ ከላይ ካየነው የተራራ መታጠፊያ ልዩነት ሦስት እጥፍ ይሆናል። መታጠፊያው በሰከንዶች ያልፋል፤ ይህኛው ግን በቀጥታው ፍሪዌይ ላይ እንኳ አይለቅም። በየኪሎ ሜትሩ የፊት ጎማ ከኋላው 6 ዙር ያህል ይቀድማል ማለት ነው። 4 ኪሎው ቪስከስ ይህን እየሞቀ ይችለው ይሆናል፤ 20 ኪሎው ግን ካምቢዮውንና ኩሽኔታውን ይዞ ይጨነቃል። ለጠንካራ ዲፈረንሻል የተመደበ ገንዘብ መጀመሪያ ለአራት እኩል፣ ጥሩ ጎማ መዋል አለበት የምለው በዚህ ነው፤ ከዚያ የተረፈ ካለ ለኋላው ዲፈረንሻል።

የሚነሳው ብርቱ ተቃውሞ ከራሊ የሚመጣ ነው። በ2022 የጀመረው የዓለም ራሊ ሻምፒዮና ደንብ ከትልልቆቹ መኪኖች የመሃል ዲፈረንሻልን አስወጥቷል፤ እነዚያ መኪኖች አስፋልት ላይም ጭምር ፊትና ኋላቸው ተያይዞ ይወዳደራሉ። ታዲያ ለእነሱ የበቃ ለእኛ ለምን አይበቃም? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ደንቡ የወጣበት ምክንያት ውስጥ አለ፤ የወጣው ወጪ ለመቀነስ እንጂ መኪናውን ለማፍጠን አልነበረም። በ2017 መኪኖቹ ይበልጥ እንዲፈጥኑ ሲፈለግ፣ ከተፈቀዱላቸው ነገሮች አንዱ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ የመሃል ዲፈረንሻል ነበር። በተጨማሪም የራሊ መኪና የእጅ ፍሬን ሲሳብ ኋላው ከፊቱ የሚላቀቅበት ስልት አለው፣ ጎማው በየጊዜው አራቱም በአንድ ላይ ይቀየራል፣ የፊትና የኋላ ዲፈረንሻሎቹም ለዚያ ቁልፍ ተብለው ይስተካከላሉ። ከዚህ ሁሉ ቁልፉን ብቻ ነጥሎ ወደ ኦሊምፒክ ቡሌቫርድ ማምጣት አይሠራም።

ሌላው ተቃውሞ «ልቅ የሆነ ዲፈረንሻል በትልቅ ሞተር ይሰበራል» የሚል ነው። ይህ በከፊል እውነት አለው። ከቆመበት በሙሉ ጉልበት ደጋግሞ ለሚነሳ የቀጥታ መስመር ውድድር መኪና ቪስከሱ ይቃጠላል፣ ትንንሾቹ ጥርሶችም ይሰበራሉ፤ ለዚያ ሥራ ብቻ የተለየ መኪና ከሆነ መሃሉን መቆለፍ ያስኬዳል። ለሌላው ግን ተገላቢጦሹን ማሰብ ያስፈልጋል። ልቅ ዲፈረንሻል ለእያንዳንዱ አክሰል ከድርሻው በላይ አይሰጥም። ሲቆለፍ ግን አንዱ አክሰል ጭራሽ ካልያዘ የሞተሩ ጉልበት በሙሉ በሌላው ላይ ሊያርፍ ይችላል። ስለዚህ ጠንካራው ቁልፍ መሃሉን ከመሰበር ያድንና ጭነቱን ወደ ኋላው ዲፈረንሻልና ወደ አክሰሎቹ ያዛውረዋል። ሞተሩን ያጠነከረ ሰው ይህን ሳያስብ ከቆለፈ የሚሰበረውን ዕቃ ከመቀየር ያለፈ ጥቅም አላገኘም።

ሎስ አንጀለስ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 360 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የአዲስ አበባን ሲሶ አያልፍም። ዝናቡ የሚመጣው በክረምታቸው ወራት ነው። ከረጅም ደረቅ ወራት በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያው ዝናብ በአስፋልቱ ላይ የተከማቸውን ዘይት ያነሳውና መንገዱን አንሸራታች ያደርገዋል። ለስላሳ ቁልፍ የለመደ መኪና በዚያ ቀን ለሾፌሩ አስቀድሞ ይነግረዋል፤ ጠንካራው ግን ፊቱና ኋላው በአንድ ላይ ስለሚለቁ ማስጠንቀቂያው አጭር ነው። ከላ ካኛዳ ወደ ተራራው በሚወጣው አንጀለስ ክረስት ሀይዌይ ላይ ደግሞ ሁኔታው ሌላ ነው። ዶውሰን ሳድል የሚባለው ከፍተኛው ነጥብ 2,408 ሜትር ነው፣ አዲስ አበባን በትንሹ ይበልጣል፤ በረዶም ይጥልበታል፣ ጠጠርም ከገደሉ ይወርድበታል። ወደዚያ የሚያዘወትር ሰው የሚስተካከለውን፣ በኮምፒውተር የሚታዘዘውን ዓይነት ቢመርጥ ተገቢ ነው፤ ከተማው ውስጥ ላልቶ፣ በረዶው ላይ ጠንክሮ ይሠራለታል። ከከተማው ለማይወጣ፣ በሥራ ቀን ወደ ቢሮ፣ እሁድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ለሚነዳ ሰው ግን የፋብሪካው ቪስከስ ደህና ከሆነ ሳይነካ ቢተወው ምንም አይጎድልበትም።

የተገጠመው ዲፈረንሻል ትክክለኛ መሆኑ የሚታወቀው ጎማው መልቀቅ በሚጀምርበት ወሰን ላይ ነው። ያንን ወሰን ሌሊት በኮሪያታውን መስቀለኛ መንገዶች ላይ የሚፈልጉ ወጣቶች አሉ፤ ይህ የሚያሳዝን ነው፣ በእግሩ የሚሻገረው ሰው ሕይወት በዚያ ሙከራ ውስጥ መግባት የለበትም። የካሊፎርኒያ ሕግም በመንገድ ላይ የተወዳደረን መኪና ለ30 ቀን መያዝ ይፈቅዳል። ከከተማው በስተሰሜን ሮዛመንድ ላይ ከ1953 ጀምሮ ያለው ዊሎ ስፕሪንግስ የውድድር ሜዳ ለዚሁ የተሠራ ነው። እዚያ መታጠፊያ ላይ ነዳጁን ቀስ እያሉ መጨመር፣ መኪናው ወደ ውጭ የሚገፋው በፊቱ ይሁን በኋላው ማስተዋል፣ ከዚያ የቁልፉን ደረጃ በአንድ መቀነስና እንደገና መሞከር ነው። ሲመለሱ የካምቢዮውን ዘይት አስወጥቶ የብረት ብናኝ እንዳለበት ማየት አይዘንጋ።