«ካፒቴን፣ እስቲ ክላክሱን ያሰሙን»

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ለመሄድ ጀልባ ሲከራዩ ምን ይጠይቃሉ? ዋጋውን፣ የመመለሻ ሰዓቱን፣ ቢበዛ ደግሞ በልጆች ልክ የተሠራ ላይፍ ጃኬት መኖሩን። ጥሩ ነው። እኔ ግን አንድ ጥያቄ እንዲጨምሩ ልለምንዎ፦ «ካፒቴን፣ እስቲ ክላክሱን ያሰሙን።» መልሱ አንዳንድ ጊዜ ከባጃጅ ክላክስ የማይሻል ድምፅ ነው፤ አንዳንዴም ጭራሽ ዝምታ።

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሐይቅ ነው። ዘጌ ለመድረስ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ውሃ ላይ ይቆያሉ። መሀል ላይ ሞተሩ ቢጠፋ፣ ወይም የክረምት ዶፍ ዳርቻውን ከዓይን ቢጋርድ፣ ለሌላው ጀልባ «እዚህ ነን» የሚልልዎ ያ ክላክስ ነው። ከፊትዎ ደግሞ ከደንገል የተሠራች ታንኳ ልትኖር ትችላለች። ታንኳ ዝቅ ያለች ስለሆነች ትንሽ ሞገድ ይሸፍናታል። ቀዛፊው ጀርባውን ሰጥቶዎት እየሄደ ከሆነ ሊያስጠነቅቁት የሚችሉት በድምፅ ብቻ ነው።

ጀልባ ባይኖርዎትም ይህን ማወቅ ለመጠየቅ ይረዳዎታል። ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ላይ ሎጅ ያለው፣ እንግዶቹን በራሱ ጀልባ የሚያንሸራሽር ዘመድ ካለዎት ደግሞ ይህን ገጽ ገልብጠው ይስጡት።

እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ዓለም አቀፉ የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብ 12 ሜትርና ከዚያ በላይ ርዝመት ያለው ጀልባ የታወቀ ደረጃ ያለው ክላክስ እንዲኖረው ያዛል። ከዚያ ያነሰው ይህ ባይኖረው እንኳ በቂ ድምፅ የሚያሰማበት ሌላ መሣሪያ ግድ ይለዋል። ከ20 ሜትር በታች ለሆኑ ጀልባዎች የተቀመጠው የድምፅ መጠን፣ እንደ ክላክሱ ቅጥነትና ጎርናናነት፣ በአንድ ሜትር ርቀት ከ111 እስከ 120 ዴሲቤል ነው። ታስቦ የተወሰነውም ግማሽ የባሕር ማይል፣ ማለትም 900 ሜትር ገደማ ድረስ እንዲሰማ ነው። ደንቡ ለባሕር የተጻፈ ቢሆንም ለሐይቅ ጀልባ ጥሩ መለኪያ ነው።

አሁን ወደ ገበያ እንሂድ። እዚህ ላይ የራሴን ሙያ ትንሽ ላማ። እኛ የማርኬቲንግ ሰዎች ትልቅ ቁጥር እንወዳለን። የድምፅ ማጉያው ካርቶን ላይ «100 ዋት» ተብሎ በደማቁ ሲጻፍ፣ ብዙ ጊዜ ለቅጽበት የሚደርስበት ጣሪያ እንጂ ሳያቋርጥ የሚሰጠው ኃይል አይደለም። ዋት ደግሞ ስፒከሩ የሚበላው እንጂ ጆሮ የሚሰማው አይደለም። ኃይሉን እጥፍ ቢያደርጉት የሚያገኙት 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለጆሮ እጥፍ እንዲመስል አሥር እጥፍ ያህል ኃይል ይፈልጋል።

ስለዚህ ሻጩን «ስንት ዋት ነው?» ከማለት «በአንድ ዋት፣ በአንድ ሜትር ስንት ዴሲቤል ይሰጣል?» ይበሉት። አንዱ ስፒከር 110፣ ሌላው 104 የሚል ከሆነ፣ የመጀመሪያው በ25 ዋት የሚሰጠውን ድምፅ ሁለተኛው የሚሰጠው በ100 ዋት ነው። የአምፕሊፋየሩንና የስፒከሩን ኦህምም ያመሳስሉ። 4 ኦህም በሚፈልግ አምፕ ላይ ባለ 8 ኦህም ስፒከር ሲገጠም ኃይሉ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ዕቃው አልተበላሸም፤ ግን የከፈሉበትን ግማሽ አይሰሙትም።

አብዛኛው ደካማ ክላክስ ግን አዲስ ዕቃ አያስፈልገውም። ድምፁ የሚጠፋው መንገድ ላይ ነው።

ባትሪው ከኋላ ሞተሩ ጋ ነው፤ ክላክሱ ከፊት። መሀላቸው 8 ሜትር ቢሆን ኤሌክትሪኩ ሄዶ ሲመለስ 16 ሜትር ይጓዛል። ቤት ውስጥ ለአምፖል በምንጠቀምበት 1.5 ሽቦ ከተዘረጋና ክላክሱ 10 አምፒር የሚስብ ከሆነ፣ 1.8 ቮልት ያህል ሽቦው ላይ ይቀራል። 12 ቮልት ተነሥቶ የሚደርሰው 10 ቮልት ገደማ ነው፤ ከኃይሉ ሩብ በላይ ሄደ ማለት ነው። በ6 ሽቦ ቢሆን የሚቀረው ግማሽ ቮልት አይሞላም። ይህ ብቻውን ለጆሮ ብዙ ላይታወቅ ይችላል። ግን እርጥበት አረንጓዴ ያደረገው መጋጠሚያ፣ ያረጀ ባትሪና የላላ ማብሪያ ሲደመሩበት ክላክሱ መንተባተብ ይጀምራል። በኮምፕረሰር የሚሠራው የአየር ክላክስ ደግሞ ብዙ አምፒር ስለሚስብ በቀጭን ሽቦ ይበልጥ ይጎዳል።

ምርመራው ቀላል ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ቴስተሩን ክላክሱ ጫፍ ላይ ይያዝ፤ ነገር ግን ክላክሱ እየጮኸ ሳለ ይለካ። ሳይነፋ ከተለካ ቀጭኑም ሽቦ፣ ዝገቱም ሙሉ ቮልት ያሳያሉ፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። እየጮኸ ሳለ በባትሪውና በክላክሱ መካከል ከግማሽ ቮልት በላይ ልዩነት ካለ፣ ሽቦው ይወፍር፣ መጋጠሚያው ይጽዳ። ዋናው ኤሌክትሪክ በዳሽቦርዱ ማብሪያ በኩል ከሚዞር በሪሌ ከባትሪው በቀጥታ ቢሄድ ይሻላል፤ ባትሪው አጠገብ ፊውዝ ሳይረሳ።

ከዚያ ቦታው። ሰፈራችን የእድር ጥሩምባ ነፊ አለው? ሌሊቱ ሲነጋጋ፣ መኪና ሳይበዛ ይወጣል። ጥጉ ላይ ቆሞ ወደ አንዱ ጎዳና ይነፋል፣ ዞሮ ወደ ሌላው ይነፋል፤ መልእክቱም አጭር ነው። ያለ ምንም ባትሪ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ጀልባ ላይም እንዲሁ ነው። ስፒከሩ ከጣሪያው በላይ፣ አፉ ወደ ፊት፣ ከፊቱ ሸራም ሆነ የተደረደረ ሻንጣ ሳይኖር ይሰቀል። ውሃ እንዳይቋጥር አፉን ትንሽ ወደ ታች ያዘንብሉት። ሳይነፋ ወራት የቆየ ከሆነ ውስጡን ይዩት፤ ተርብ ቤት ሠርቶበት ሊሆን ይችላል።

ርቀት እጥፍ ሲሆን ድምፅ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። በአንድ ሜትር 120 የነበረው አንድ ኪሎ ሜትር ላይ 60 አካባቢ ነው፤ ሁለት ሰዎች ቡና እየጠጡ የሚያወሩትን ያህል። ያኛው ጀልባ ሞተሩ እያጓራ ከሆነ አይሰማዎትም። የእርስዎም ሞተር የእሱን መልስ ይውጠዋል። ስለዚህ ነፍቶ ሞተሩን ዝቅ አድርጎ ማዳመጥ ያስፈልጋል። ነፋስም አለ፤ ነፋስን ተቃርኖ የሚሄድ ድምፅ ወደ ላይ ይጎብጥና ከሰሚው ጭንቅላት በላይ ያልፋል። ጣና ጠዋት ጸጥ ይልና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣበታል። ጉዞዎን በጠዋት ማድረግ ለሆድም ለጆሮም ጥሩ ነው።

በማጉያ መናገር ራሱን የቻለ ነገር ነው። ማይኩን ወደ ከንፈር አስጠግቶ በረጋ ድምፅ መናገር እንጂ መጮህ ቃሉን ያበላሸዋል። ማይኩ ስፒከሩ ፊት ከሆነ በየሠርጉ እንደምናውቀው ሞንታርቦ ያፏጫል። ከሁሉ በላይ የቋንቋችንን ጠባይ ያስቡበት። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲሆን ነፋሱ የሚወስደው ዋናውን ቃል ነው። «አትጠጉ» ሲሉ መጀመሪያዋ ፊደል ከጠፋች ያኛው የሚሰማው «ተጠጉ» ሊሆን ይችላል። «ራቁ! ራቁ!» ይሻላል። «ቁሙ»ም እንዲሁ።

እግረ መንገዴን፦ ክብራን ገብርኤል ሴቶች ስለማይገቡ አባትና ወንዶች ልጆች ወደ ገዳሙ ሲወጡ እናትና ሴት ልጆች ሌላ ቦታ ይቆያሉ። ሲዘገዩ በማጉያ መጥራት ያምራል፤ እባክዎ ይተዉት። በሰዓት ይቀጣጠሩ።

ልጆችን ስፒከሩ ሥር አያስቀምጡ። 120 ዴሲቤል ጆሮን ለማሳመም የቀረበ ድምፅ ነው። አራት ሜትር ሲርቁ ወደ 108 ይወርዳል። ካፒቴኑ ከመንፋቱ በፊት «ጆሮ!» ብሎ ቢናገር ሕፃን አያስደነግጥም።

ዳርቻው ከዓይን ሲሰወር እየሄደ ያለ የሞተር ጀልባ በየሁለት ደቂቃው ወይም ከዚያ ባጠረ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሰከንድ የሚቆይ አንድ ረጅም ድምፅ ያሰማል። ሞተሩ እየሠራ ከቦታው ካልተንቀሳቀሰ ሁለት ረጅም ነው። በጠራ ጊዜ የሌላው ጀልባ አካሄድ ግራ ሲያጋባ ደግሞ ቢያንስ አምስት አጫጭርና ፈጣን ድምፆች። ለልጆች ቢያስተምሯቸው ጨዋታ ይሆንላቸዋል።

ባትሪው ጭራሽ ቢሞትስ? በታመቀ ጋዝ የሚነፋው ባለ ጣሳ ክላክስ ሽቦም ባትሪም አይፈልግም። ነገር ግን ጣሳው አውሮፕላን ላይ ስለማይፈቀድ ከአዲስ አበባ በበረራ ይዘውት መሄድ አይችሉም፤ ጀልባው ራሱ ሊኖረው ይገባል። በእያንዳንዱ ላይፍ ጃኬት ላይ የምትታሰር ፊሽካ ግን የእጅ ቦርሳ ውስጥ ትገባለች። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ይያዙ፤ ከመነሣትዎ በፊትም ወደቡ ላይ አንድ ጊዜ ይንፏት።