አባቴ ማርያም አይባልም

እናንተ በመስኮቱ በኩል ስትሰለፉ፣ ከወዲያ ሆነን ኮምፒውተር ላይ አጎንብሰን «ትንሽ ይታገሱን» ከምንላችሁ ሰዎች አንዷ ነኝ። ዳታ ኢንኮደር ሆኜ ነው የጀመርኩት። ዛሬ የሠራተኛ ዝርዝርና ፔሮል አስተካክላለሁ፤ ሌላ ሰው በችኮላ ያበላሸውን ፋይል እጠግናለሁ ብል ይቀላል። ስማችሁ ተቆርጦ፣ የአባታችሁ ስም በአያት ቦታ ገብቶ፣ አያታችሁ ጭራሽ ጠፍተው ስታገኙት «ማን ነው እንዲህ የተጫወተብኝ?» ትላላችሁ። ማንም አልተጫወተባችሁም። ከመስኮቱ ወዲህ የሚሆነውን በይፋ የሚነግራችሁ ስለሌለ፣ እኔ ጠጋ ብዬ ልንገራችሁ።

አንድ ማለዳ አንድ አዛውንት መስኮቱ ጋ መጡ። የታተመውን ወረቀት ዘርግተው፣ ጣታቸውን አንዲት መስመር ላይ አሳርፈው፣ «ልጄ፣ አባቴ ማርያም አይባልም» አሉኝ። አልገባኝም። «ምን አሉኝ አባባ?» ብዬ ጎንበስ አልኩ። «ይኸው፣ የአባት ስም ማርያም ይላል። እኔ ገብረ ማርያም ነኝ። አባቴ ወልደ ጊዮርጊስ ነው። ማርያምን ከየት አመጣችሁት?» ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ወረቀቱን አየሁት። ስም «ገብረ»፣ የአባት ስም «ማርያም»፣ የአያት ስም «ወልደ» ይላል። የወላጅ አባታቸው ስም ግማሹ አያት ሆኖ ተቀምጧል፤ ግማሹ የለም። ፋይሉን የሠራሁት እኔ አልነበርኩም። ፊታቸው የተገኘሁት ግን እኔ ነበርኩና አፈርኩ።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። ዝርዝሩ ከሌላ ቢሮ ሲመጣ «ሙሉ ስም» በሚል አንድ ዓምድ ውስጥ ታጭቆ ይመጣል። የሚቀበለው ሲስተም ደግሞ ሦስት ዓምድ ይፈልጋል፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ከቀኑ 11 ሰዓት አልፏል፤ ሰርቪሱ ሞተሩን አስነስቷል፤ አለቃ «ዛሬ መላክ አለበት» ብለዋል። ኢንኮደሩ በኤክሴል ዓምዱን መርጦ፣ ዳታ ከሚለው ውስጥ ቴክስት ቱ ኮለምንስ የሚለውን ይጫናል። ሦስት መስኮቶች በተራ ይመጣሉ። በመጀመሪያው ዲሊሚትድ፣ በሁለተኛው ስፔስ ይመርጣል፤ ሦስተኛውን ሳያነብ ፊኒሽ ይላል። ኤክሴል ክፍት ቦታ ባገኘበት ሁሉ ይቆርጣል።

«አበበ በቀለ ታደሰ» ከሆነ ምንም አይደል፤ ሦስት ቃል፣ ሦስት ሰው። «ገብረ ማርያም ወልደ ጊዮርጊስ ኃይለ ሚካኤል» ሲሆን ግን ቃሉ ስድስት፣ ሰው ሦስት ነው። ኢንኮደሩ ለአባትና ለአያት ብሎ ሁለት ባዶ ዓምድ ብቻ አስገብቶ ከሆነ፣ የተረፉት ሦስት ቃላት ወደ ቀኝ ይፈስሳሉ። በስተቀኝ ያሉት ስልክ፣ የባንክ ሂሳብ ቁጥርና ደመወዝ ናቸው። ስልኩ ቦታ «ጊዮርጊስ»፣ ሂሳብ ቁጥሩ ቦታ «ኃይለ»፣ ደመወዙ ቦታ «ሚካኤል» ይገባል። ኤክሴል አንድ ጊዜ ይጠይቃል፤ እዚህ ቦታ ላይ መረጃ አለ፣ ልተካው ወይ ይላል። በእንግሊዝኛ ነው የሚጠይቀው፤ ሁሉም ሰው ለመውጣት ቸኩሏል፤ ኦኬ ይባላል። ፋይሉ ተዘግቶ ከተላከ በኋላ ኮንትሮል ዜድ የለም።

ስለዚህ እኔ ዘንድ የመጀመሪያው ሕግ ዋናውን ዓምድ አለመንካት ነው። ፋይሉን በሌላ ስም አስቀምጣለሁ። ከዚያ ሦስተኛው መስኮት ላይ፣ ብዙ ሰው ዘልሎት የሚያልፈው ዴስቲኔሽን የሚባል ሳጥን አለ፤ የተቆረጠው ጽሑፍ የሚያርፍበትን ሴል የሚወስነው እሱ ነው። ከዝርዝሩ ጥግ፣ ምንም ከሌለበት ባዶ ዓምድ ላይ እንዲያርፍ አደርጋለሁ። «ሙሉ ስም» የሚለው ዓምድ እስከ መጨረሻው ሳይነካ ይቆያል፤ ስህተት ሲመጣ የምመለስበት ምስክሬ እሱ ነው። አዲሱ የማይክሮሶፍት 365 ኤክሴል ቴክስትስፕሊት የሚባል ቀመር አለው፤ የጉግል ሺትስም ስፕሊት የሚባል አለው፤ ሁለቱም ዋናውን ሳይነኩ ጎኑ ላይ ይከፍላሉ። በየቢሮው የማገኛቸው ኤክሴል 2010 እና 2016 ግን ቴክስትስፕሊትን አያውቁትም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የእኛ ስም ክፍት ቦታን እንደ ድንበር አያይም። ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ተክለ፣ ሀብተ፣ ፍቅረ የሚሉትን ልብ ብላችሁ ስሟቸው፤ የመጨረሻው ፊደል በግዕዙ ድምፅ ይቆማል፣ «የማን?» ተብሎ እንዲጠየቅ በር ይከፍታል። የማርያም አገልጋይ፣ የጊዮርጊስ ልጅ፣ የሚካኤል ኃይል ናቸው። የቅኔ ቤት ሰዎች ባለቤትና ዘርፍ የሚሉት ይህን ትስስር ነው። ዘርፉን ከባለቤቱ ስትገነጥሉት የሚቀራችሁ የተንጠለጠለ ቃል ነው።

«እንግዲያው በግዕዝ የሚያልቀውን ሁሉ ከሚቀጥለው ጋር እናያይዘዋ!» ብሎኝ ነበር አብሮኝ የሚሠራ ልጅ። ብልህ ሐሳብ ነው፤ ግን አይሠራም። አበበ፣ በቀለ፣ ታደሰ፣ ከበደ ሁሉም በግዕዝ ያልቃሉ፤ ግን ራሳቸውን የቻሉ ስሞች ናቸው፣ ማንንም አይጠብቁም። በተቃራኒው «ተስፋ» በራብዕ ያልቃል፤ ሆኖም ተስፋ ሚካኤል አንድ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ተስፋ የሚካኤል ልጅም ሊሆን ይችላል። ኑር ሁሴንና አብዱል ቃድርም እንዲሁ ናቸው፤ አንዱ ኢንኮደር አያይዞ፣ ሌላው ለያይቶ ይጽፋቸዋል። ይህን የሚለይ ቀመር የለም። የሚለየው ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ዓይን ነው፤ ካልሆነም ባለቤቱን ደውሎ መጠየቅ ነው።

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። በመጀመሪያ የ«ሙሉ ስም»ን ዓምድ ቅጂ ወስጄ፣ ትሪም በሚባለው ቀመር ከፊትና ከኋላ የተረፈውን፣ መሐል ላይም የተደራረበውን ክፍት ቦታ አጸዳለሁ፤ አንድ ስፔስ የበዛ እንደሆነ ባዶ የአባት ስም ሊወልድ ይችላልና። ከድረ ገጽ ተቀድቶ የመጣ ዝርዝር ከሆነ ትሪምም አይበቃም። ስፔስ የሚመስል ግን ስፔስ ያልሆነ፣ ቃል እንዳይነጣጠል የሚያስር ምልክት አብሮ ይመጣል። ያን ምልክት ራሱን ኮፒ አድርጌ ኮንትሮል ኤች ብዬ በተለመደው ስፔስ እተካዋለሁ። ቃላቱ በድሮው ሁለት ነጥብ ተለያይተው የተጻፉበት ፋይል ሲመጣም እንዲሁ። ቀጥሎ በእያንዳንዱ ረድፍ ስንት ክፍት ቦታ እንዳለ አስቆጥራለሁ። የጽሑፉን ርዝመት ወስዶ፣ ስፔሱ ተነቅሎ ሲቀር ያለውን ርዝመት መቀነስ ነው። መልሱ ሁለት ከሆነ ስሙ ሦስት ቃል ነው። ከሁለት የበለጠውንም ያነሰውንም ለብቻ ፊልተር አድርጌ አወጣለሁ። ለዓይኔ የምተወው እነዚህን ነው። ሁለት ስፔስ ያላቸውንም ቢሆን «ገብረ» እና «ወልደ» ብዬ እፈትሻለሁ፤ «ገብረ ማርያም አበበ» ሦስት ቃል ቢሆንም ሁለት ሰው ነው፤ አያት አልተጻፉም።

ከዚያ ማሰር ይመጣል። ኮንትሮል ኤች ብዬ «ገብረ» ከነስፔሱ የሚለውን «ገብረ» ከነታች መስመሩ (_) በሚለው እተካለሁ፤ ሁለቱ ቃላት ለጊዜው በመስመር ይታሰራሉ። ወልደ፣ ተክለ፣ ሀብተ እያልኩ እቀጥላለሁ። ኃይለ ላይ ስደርስ ሥራው ይበዛል። አንዱ «ኃይለ»፣ ሌላው «ሃይለ»፣ ሦስተኛው «ሀይለ»፣ አልፎ አልፎም «ኀይለ» ብሎ ጽፎታል። ለእኛ ጆሮ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው። አራቱንም በየተራ መፈለግ አለብኝ። ሁሉም ከታሰረ በኋላ በስፔስ እቆርጣለሁ፤ በመጨረሻ መስመሩን ወደ ስፔስ እመልሳለሁ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ይወስዳል። ይውሰድ። የሰው አባት ነው።

«ገ/ማርያም» ብሎ ማሳጠር ከመቆረጥ ያድናል የሚሉ አሉ። ከመቆረጥ ያድናል፣ ከመጥፋት አያድንም። «ተ/ማርያም» ተክለ ማርያም ነው ወይስ ተስፋ ማርያም? ከዓመታት በኋላ ፓስፖርት ላይ ያለው ሙሉ ስም ከፋይሉ ጋር ሲተያይ መልስ የሚሰጥ ሰው አይገኝም። «ወ/» ደግሞ ወልደም፣ ወለተም ይሆናል። ፍላሽ ፊል የሚባለውንም ለስም አልጠቀምበትም። ሁለት ሦስት ምሳሌ አይቶ የቀረውን በግምት ይሞላል፤ የገመተውም ትክክለኛ ስለሚመስል ማንም አይጠራጠረውም።

ስልክና ሂሳብ ቁጥር ከስም ጋር በኮማ ተያይዘው ሲመጡ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ሦስተኛው መስኮት ለእያንዳንዱ ዓምድ ጄኔራል ይሁን ቴክስት ይሁን ብሎ ይጠይቃል። ዝም ካላችሁት ጄኔራል ነው። ጄኔራል ከሆነ 09 ብሎ የሚጀምረው ስልክ ዜሮውን ያጣል፤ በዜሮ የሚጀምር የግብር ከፋይ ቁጥርም እንዲሁ። 13 አሃዝ ያለው የባንክ ሂሳብ ነጥብና ኢ ባለበት አጭር ጽሑፍ ተጨምቆ ይታያል። ከሁሉም የሚያስፈራኝ 16 አሃዝ ያለው የካርድ ቁጥር ነው። ኤክሴል ከአንድ ቁጥር ላይ 15 አሃዝ ብቻ ነው የሚይዘው፤ አሥራ ስድስተኛውን ዜሮ ያደርገዋል። ፎርማቱን በኋላ ወደ ቴክስት ብትመልሱት የጠፋው አሃዝ አይመለስም። ሦስተኛው መስኮት ላይ ቴክስት ማለት ሁለት ክሊክ ነው።

ቀንም አለ። ጳጉሜን 5 ቀን 2014 የተቀጠረ ሰው በፋይሉ 05/13/2014 ተብሎ ይመጣል። ኮምፒውተሩ በአሜሪካ አጻጻፍ የተስተካከለ ከሆነ ሜይ 13 ቀን 2014 አድርጎ ይቀበለዋል፤ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ሰውየው በአንድ ጊዜ የስምንት ዓመት ተጨማሪ አገልግሎት ያገኛል። የኢትዮጵያ ቀን ያለበትን ዓምድ ሁልጊዜ ቴክስት አድርጉት።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ቫይረስ ነው ብሎ የሚደነግጥበት ነው። በስፔስ ከቆረጣችሁ በኋላ ኤክሴል ምርጫችሁን ያስታውሳል። እስክትዘጉት ድረስ ከሌላ ቦታ ቀድታችሁ የምትለጥፉትን ጽሑፍ ሁሉ ሳትጠይቁት ይቆራርጠዋል። ዘግታችሁ ክፈቱት፣ ይተዋል።

ኤክሴል የሚያበላሸው የእኛን ስም ብቻ አይደለም። የሰው ልጅ ዘረመሎችን የሚሰይመው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2020 የአንዳንድ ዘረመሎችን ስም ቀይሯል፤ ማርች 1 እና ሴፕት 1 የሚመስሉ አሕጽሮቶችን ኤክሴል ቀን እያደረገ ምርምር ስላበላሸባቸው ነው። ሳይንቲስቶቹ ለሶፍትዌሩ ሲሉ ስም ለወጡ። ለዘረመል ይቻል ይሆናል። እኚያን አዛውንት ግን የአባትዎን ስም ይቀይሩ ማለት አልችልም፤ የሚለወጠው የእኛ አሠራር ነው።

ወደ ውጭ ስትሄዱ ደግሞ ይህ ስህተት አብሮ ይሻገራል። አሜሪካ ያለው ቅጽ የራስ፣ የመሐልና የቤተሰብ ስም ብሎ ይከፍላል። እዚህ «ገብረ» እና «ማርያም» ተብሎ የተነጠለ ሰው እዚያ ማርያም የመሐል ስሙ ይሆናል፤ አያቱ ከቅጹ ይወጣሉ። ወንድሙ ስሙን አያይዞ ጽፎ ከሄደ፣ በወረቀት ሁለቱ ወንድማማች አይመስሉም።

አዛውንቱን ወንበር ሰጥቼ አስቀመጥኳቸው፤ ሥራውን ከፊታቸው ሠራሁት። የድሮውን ፋይል ከፍቼ፣ «ሙሉ ስም» የሚለውን ዓምድ አግኝቼ፣ ስድስቱን ቃላት ወደ ሦስት መለስኳቸው። ወረቀቱ ሲታተም መነጽራቸውን አውጥተው ጮክ ብለው አነበቡት፦ «ገብረ ማርያም። ወልደ ጊዮርጊስ። ኃይለ ሚካኤል።» አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። በዚያ ዝርዝር ላይ እንደ እሳቸው የተቆረጡ ሌሎች ነበሩ፤ እነሱ አልመጡም ነበር። ሁሉንም እስካስተካክል ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ቅጽ የምታዘጋጁ፣ ሊንክ የምትልኩ፣ ዝርዝር የምትሰበስቡ ሁሉ፣ እባካችሁ «ሙሉ ስም» የሚል አንድ ሳጥን አታድርጉ። ከመጀመሪያው ሦስት ሳጥን አድርጉ፤ የስሙን ድንበር ባለቤቱ ራሱ ይወስነው። ጥምር ስም ያላችሁም ገብረማርያም፣ ወልደጊዮርጊስ ብላችሁ ሳትለያዩ ጻፉ፣ በላቲንም በአማርኛም። ዝርዝር ተለጥፎ «ስማችሁን አረጋግጡ» ሲባልም የራሳችሁን ስም ብቻ አይታችሁ አትሂዱ፤ የአባትና የአያት ዓምዱን እስከ መጨረሻው ፊደል አንብቡ። ስህተት ካያችሁ በዚያው ቀን መስኮቱን አንኳኩ፤ ዋናው ፋይል ገና ያልጠፋው ያን ጊዜ ነው።