ቢጫና አረንጓዴዋ ሽቦ የት ገባች?

ፋሲሎ የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ያለው ምጣድ “ይነዝራል” ይባላል። አከራያችን እማማ መድኃኒቱን ያውቁታል፤ ነጠላ ጫማ ሳያደርጉ አይነኩትም። እኔም ለወራት ዝም ብዬ አየሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ከጣና በኩል መብረቁ ሲያስገመግም፣ ቻርጅ ላይ የነበረው ስልኬ ከነቻርጀሩ ተቃጠለ። ኤሌክትሪሺያን የጠራነው ያኔ ነው።

ልጁ ሶኬቱን ፈታው። ቢጫና አረንጓዴዋ ሽቦ አለች፤ ግን ጫፏ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ከምንም ጋር አልተያያዘችም።

“ግራውንድ የላችሁም” አለን።

“ሶኬቱ የግራውንድ ብረት አለው እኮ!”

ሳቀ። “ብረቱ አለ፤ መሬቱ የለም።”

ነገሩ እንዲህ ነው። የምጣዱ የውስጥ ሽቦ ተላልጦ አካሉን ከነካ 220 ቮልት ቆርቆሮው ላይ ይወጣል። ግራውንድ ካለ ኮረንቲው በዚያ ይወርዳል፣ ብሬከሩም ይዘጋል። ከሌለ መንገዱ የሚጋግረው ሰው ነው። ነጠላ ጫማ ደግሞ ከረጠበ አያድንም።

ታዲያ ሽቦዋ ምን ያህል ትወፍር? ብሬከሩ እስኪዘጋ ያ ሁሉ ኮረንቲ በእሷ ስለሚያልፍ ቀጭን ከሆነች ቀድማ ትቀልጣለች። የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን፣ የአይኢሲ፣ መመሪያ ቀላል ነው። ኮረንቲ የሚሸከመው መዳብ እስከ 16 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ከሆነ ግራውንዱም እኩል ይሁን። ለሶኬት 2.5 ከተዘረጋ 2.5፣ ለምጣድ 4 ከተዘረጋ 4። ከ16 በላይ እስከ 35 ላለው 16 ይበቃል። ሽፋን ሳይኖራት አፈር ውስጥ የምትቀበር መዳብ ግን ከ25 አትነስ።

መብረቁስ? እኔ ወፍራም ሽቦ ሁሉን የሚፈታ መስሎኝ ነበር። አይደለም። የመብረቅ ጉልበት በማይክሮ ሰከንድ ውስጥ ስለሚመጣ ረጅምና የተጠማዘዘ ሽቦ፣ ቢወፍርም፣ ያግደዋል። ስለዚህ ቆጣሪው አጠገብ ለሚገጠም የሰርጅ መከላከያ ሽቦው አጭርና ቀጥ ያለ መሆኑ ይበልጣል፤ በድምሩ ከ50 ሳንቲ ሜትር ባያልፍ ይመከራል። ግራውንድ በሌለበት ቤት የሚገዛ ውድ ዲቫይደር ደግሞ ወደ መሬት የሚጥልበት መንገድ የለውም። ሁሉም ቢሟላ እንኳ ነጎድጓድ ሲጀምር ቻርጀሩን ንቀሉ።

ልጁ ዘንጉን ተከለ፣ ለምጣዱ 4 ዘረጋ። ዘንግ ብቻውን ተራውን ብሬከር ላያዘጋ ስለሚችል በ30 ሚሊ አምፔር የሚዘጋ ኧርዝ ሊኬጅ ብሬከር ጨመረበት። እማማ ምጣዱን ሲሰኩት ወዲያው ጧ ብሎ ዘጋ።

“አበላሻችሁት!” አሉ።

አልተበላሸም። ምጣዱ ድሮም የታመመ ነበር፤ አሁን ገና ተናገረ። ሽቦው ተቀይሮ ዛሬ በባዶ እግራቸው ቢነኩትም አይነዝርም።

እናንተ ሶኬት አትፍቱ። ባለሙያ ጥሩና አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፦ ቢጫና አረንጓዴዋ ሽቦ የት ገባች?