የእንስሳት ሐኪሙን በመርፌው ብቻ ማወቅ

ቢሾፍቱ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ማስተማሪያ ሆስፒታል የጋሪ ፈረስ፣ ጀርባው የቆሰለ አህያ፣ የወተት ላምና የቤት ውሻ በአንድ ግቢ ይታከማሉ። የሚያክሟቸው ሰዎች ግን እምብዛም አይታወቁም። አብዛኛው ሰው የእንስሳት ሐኪምን የሚያገኘው ከብቱ ሲታመምበት፣ ያውም ለጥቂት ደቂቃ ነው። ሐኪሙ መጥቶ መርፌ ወግቶ ይሄዳል። ስለ ማንነቱ፣ ስለ ትምህርቱና ስለ ዝንባሌው የሚወራው ስህተት በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ አጭር ትውውቅ ነው።

«ለሰው ሐኪምነት ያልበቃው ነው የከብት ሐኪም የሚሆነው።»

ይህ አባባል ዕድሜ ያገኘው ቅንጣት እውነት ስላለበት ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚመደበው በምርጫውና በውጤቱ ስለሆነ፣ የሰው ሕክምናን አንደኛ አድርጎ ሞልቶ የእንስሳት ሕክምና የደረሰው ጥቂት አይደለም። ስህተቱ ከዚህ ተነሥቶ ሙያውን ራሱን ዝቅ ማድረግ ነው። ተማሪው በምንም መንገድ ይግባ፣ የሚጠብቀው ትምህርት ያው ነው፤ አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ፓቶሎጂ፣ ፋርማኮሎጂ፣ ቀዶ ሕክምና። ልዩነቱ አንድን ፍጡር ብቻ አጥንቶ አለመጨረሱ ነው። የላም ሆድ አራት ክፍል አለው። ፈረስ ማስመለስ ስለማይችል ቀላል የሚመስል የሆድ ቁርጠት ሊገድለው ይችላል። ዶሮ የምትተነፍሰው በሳንባዋ ብቻ ሳይሆን በአየር ከረጢቶችም ታግዛ ነው። ከእነዚህ ታካሚዎች አንዱም የት እንዳመመው አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ1979 እዚያው ቢሾፍቱ (ያኔ ደብረ ዘይት) የመጀመሪያው የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ከተከፈተ በኋላ ጎንደር፣ ጅማ፣ መቀሌና ሐረማያም ይህንኑ ሙያ ያስተምራሉ።

ሙያው የት ድረስ እንደሚያደርስ ለማየትም ሁለት ሰዎች ይበቃሉ። የሰውነት መከላከያ ሴሎች በቫይረስ የተያዘን ሴል እንዴት እንደሚለዩ በማሳየታቸው እ.ኤ.አ. በ1996 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሁለት ሰዎች አንዱ አውስትራሊያዊው ፒተር ዶኸርቲ በትምህርቱ የእንስሳት ሐኪም ነው። የፋይዘር ዋና ሥራ አስፈጻሚ አልበርት ቡርላም በተሰሎንቄ የተማረው የእንስሳት ሕክምና ነው።

«ለዚህ ሥራ ዋናው እንስሳ መውደድ ነው።»

ይህ በቅንነት የሚነገር ነው፤ ፍቅሩም ባይኖር ሥራው ይከብዳል። ነገር ግን የሐኪሞቹን ዝንባሌ ወደ አንድ ያጠብበዋል። አንዱ የሚማረከው በማይክሮስኮፕ በሚታይ ጥገኛ ተሕዋስ ነው፤ ሌላዋ በክትባት ምርት፤ ሌላው በሽታ ከገበያ ወደ ገበያ እንዴት እንደሚጓዝ በማጥናት። ቄራ የሚውሉም አሉ፤ እነሱን ደግሞ ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሕዝብ ከማንም በላይ ሊያውቃቸው በተገባ ነበር። መርማሪው የታረደውን በሬ የመንጋጋ ጡንቻ፣ ምላስና ልብ እየሰነጠቀ የሚፈልገው የኮሶ ትል እጭ ነው። እጩ ከበዛ ሥጋው ይወገዳል፤ ጥቂት ከሆነ በቅዝቃዜ እንዲሞት ይደረጋል። ኮሶ ወደ ሰው የሚገባው በደንብ ባልበሰለ የከብት ሥጋ ነው። ከዚያ የሰው ዓይነ ምድር የነካው ሣር ወደ ከብቱ ይመልሰዋል። ጓሮ የታረደ በሬ ይህን ምርመራ አያልፍም። ማኅተም ያለበትን ሥጋ የሚገዛ ሰው የእንስሳት ሐኪም አገልግሎት አግኝቷል፤ ሐኪሙን ስላላየው ግን አይቆጥርለትም።

«የእንስሳት ሐኪም ሥራው ለእንስሳ እንጂ ለሰው አይደለም» የሚለውም ከዚሁ የራቀ አይደለም። የሰው ጤና በአንድ ሚኒስቴር፣ የእንስሳ ጤና በሌላ ሲመራ ሁለቱ የማይገናኙ መምሰላቸው አያስገርምም። በሽታዎቹ ግን ይህን ድንበር አያውቁትም። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም በውሻ ንክሻ የተያዙ ናቸው። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም። ስለዚህ ሰውን ከዚህ ሞት የሚጠብቀው ትልቁ ሥራ ውሻን መከተብ ነው።

ታሪካችንም ይመሰክራል። በ1880 ዓ.ም. አካባቢ በምፅዋ በኩል ከገቡ ከብቶች የተዛመተው የደስታ በሽታ የአገሪቱን ከብት አብዛኛውን ፈጀ፤ በሬ ያጣው ገበሬ ማረስ አቃተው፤ ድርቅና ተባይ ተጨምሮበት «ክፉ ቀን» የተባለው ረሃብ መጣ። ያ በሽታ ዛሬ በዓለም የለም። መጥፋቱ በይፋ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከዚያ ቀደም ከምድር የጠፋ ተላላፊ በሽታ የሰው ፈንጣጣ ብቻ ነበር። የጠፋ በሽታ ስለማይታይ፣ ያጠፉትም ሰዎች አብረው ይረሳሉ።

«ከተማረው ሐኪም እረኛው ይበልጣል» የሚሉም አሉ። እረኛ ብዙ ያውቃል፤ አባ ሰንጋና አባ ጎርባ የሚሉት የከብት በሽታ ስሞች ከላቦራቶሪ አልመጡም። ሁለቱን ማወዳደሩ ነው ስህተቱ። የደስታ በሽታ በኢትዮጵያ ከመጨረሻዎቹ መሸሸጊያዎቹ አንዱ በነበረው በአፋር የተሸነፈው ሙቀት የሚቋቋም ክትባት ተገኝቶ፣ አርብቶ አደሮቹ ራሳቸው ሠልጥነው ከብቶቻቸውን ስለከተቡ ነው። ክትባቱ የሳይንቲስቶች፣ መንጋው የት እንዳለና መቼ እንደሚነሣ ማወቁ የአፋሮቹ ነበር። አንዱ ያለ ሌላው ከዚያ አይደርስም።

«ጉልበት ይጠይቃል፤ ለሴት አይሆንም» የሚለውን ጊዜ ሽሮታል። አየርላንዳዊቷ አሊን ከስት ትምህርቷን እ.ኤ.አ. በ1900 ብትጨርስም በይፋ የተመዘገበችው በ1922 ነበር። ዛሬ በአሜሪካ ከእንስሳት ሐኪሞች ከግማሽ በላይ ሴቶች ናቸው። ምጥ የጠናባትን ላም የሚያዋልደውም ማደንዘዣ፣ ማለስለሻ፣ ገመድና የጥጃውን አቀማመጥ የማስተካከል ብልሃት ነው። በጉልበት ብቻ መጎተት እናቲቱንም ጥጃውንም ይጎዳል።

ከሁሉ የሚከፋው የመጨረሻው ነው፤ «መድኃኒቱ አንድ ነው፣ ገዝቼ ራሴ እወጋለሁ።» ይህ የሚቆየው ሐኪም ሩቅ፣ መድኃኒት ግን ቅርብ ስለሆነ ነው፤ ከብቱ እየሞተበት ያለን ገበሬ መውቀስም አይገባም። እውነቱ ግን አይለወጥም። ለሰው ራስ ምታት የሚወሰደው ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል፤ ጉበቷ መድኃኒቱን እንደ ሰው ጉበት አድርጎ ማስወገድ አይችልም። አንቲባዮቲክ የተወጋች ላም ደግሞ መድኃኒቱ ከሰውነቷ እስኪወጣ ድረስ ወተቷ ለሽያጭም ለልጅም አይሆንም፤ ሥጋዋም እንዲሁ። የቆይታው ቀን ከመድኃኒት መድኃኒት ይለያያል። ስለዚህ መድኃኒት የሚሰጠውን ባለሙያ መጠኑን ጠይቆ መመለስ አይበቃም፤ ወተቱ ስንት ቀን እንደሚደፋም መጠየቅ ያስፈልጋል።