ስለ ባንክ ሥራና ስለ ዓይነ ስውራን ልጆቻችን

በንፋስ ስልክ ላፍቶ፥ በመካኒሳ መንገድ ዳር ካሉት የባንክ ቅርንጫፎች በአንደኛው ተራችንን ስንጠብቅ ሳለን አንድ ዓይነ ስውር ወጣት ከእናቱ ጋራ ገባ። ገንዘብ ከፋዩም ጥያቄውን ሁሉ ለእናቲቱ እንጂ ለልጁ አላቀረበም። ልጁ ግን በትሕትና፦ «የደብተሩ ባለቤት እኔ ነኝ» አለ። እኛም ይህን በሰማን ጊዜ አፈርን፤ በመዝገብ ቤታችን መስኮት ባለጉዳዩን ትተን መሪውን የጠየቅንበት ቀን ብዙ ነውና።

የከፋዩ ፍርሃት ከወዴት እንደ መጣ እናውቃለን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1728፥ የዓይነ ስውር ሰው ፊርማ በውል አዋዋይ፥ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ እንደማያስገድደው ይናገራል። ይህ ከአታላይ የሚጠብቅ አጥር ነው፤ ነገር ግን አጥሩ አንዳንድ ጊዜ በር መዝጊያ ይሆናል።

ዛሬ ሌላ ብልኃት መጥቷል። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ጀመረ፤ ባንኮችም የየራሳቸውን የስልክ አገልግሎት ዘርግተዋል። በዘመናዊው ስልክ ውስጥ የተጻፈውን በድምፅ የሚያነብ መሣሪያ ስላለ፥ ዓይነ ስውሩ ጣቱን በመስተዋቱ ላይ ሲያሳርፍ ያረፈበትን ይነግረዋል። ነገር ግን የፕሮግራሙ ሠሪ ለምልክቶቹ ስም ሳይሰጥ ከቀረ፥ «ላክ» የሚለውን ከ«ሰርዝ» ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ዓይናማው ሠሪ ይህን ጕድለት ላያስተውለው ይችላል፤ ዓይነ ስውር ባልደረባ ቢኖረው ግን ወዲያው ያገኝለታል። እንግዲህ ዓይነ ስውሩን በባንክ ሥራ መቅጠር ምጽዋት አይደለም፤ ለባንኩም ጥቅም ነው።

ሕጉም ይደግፈዋል። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000፥ አሠሪው የሥራውን ቦታና መሣሪያ ለሠራተኛው እንዲያመቻች ያዛል፤ አድልዎ ደረሰብኝ የሚለውም የማስረዳት ሸክም ሳይኖርበት መክሰስ ይችላል።

የሚቀረው የቤተ ሰብ ድርሻ ነው። ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ በ5 ዓመታቸው ዓይናቸውን ቢያጡም፥ ቤተ ሰባቸው በጓዳ ስላልሸሸጓቸው በሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገብተው፥ ኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው፥ በ2010 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን የዓለም ሽልማት ተቀብለዋል።

ስለዚህ፥ ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁን ስልኩን አስተምሩት፤ የምሥጢር ቍጥሩን ግን ለእርሱ ብቻ ተዉለት። የሥራ ማስታወቂያ ሲወጣም አንብቡለትና ያመልክት። ከባንክ መስኮት ፊት በደረሳችሁም ጊዜ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላችሁ እርሱ ራሱ ይናገር። እኛም በበኩላችን በመስኮታችን ለሚመጣው ባለጉዳይ እንዲሁ ልናደርግ ቈርጠናል።